አብሮ መጓዝና ቆሞ መጠበቅ

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይላል የአገራችን ተረት። ይህ ቃል ዘወትር የሚነገረው ተወዳዳሪ ሳይኖረው ራሱን አንደኛ አድርጎ ለሚቈጥር ሰው መዝለፊያ ነው። ነገር ግን ጠልቀን የተመለከትነው እንደ ሆነ ሌላም ቁም ነገር ይገኝበታል፤ ይኸውም ፈጣንና ዘገምተኛ የሚባለው ልዩነት የሚታወቀው ሰው ከሰው ጋራ በአንድ መንገድ ሲገናኝ ብቻ መሆኑ ነው። ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ እንደ ዐቅሙ ይሄዳል፥ እንደ ዐቅሙም ይደርሳል፤ የሚያፋጥነው ወይም የሚያሳፍረው የለም። ሁለት ሰዎች አብረው የተነሡ ዕለት ግን አንድ ጥያቄ አብሯቸው ይነሣል። ጕልበታቸው እኩል ያልሆነ መንገደኞች አንዱ ለሌላው ምን ግዴታ አለበት? ብርቱው ሊያዘግም ይገባዋልን? ወይስ ደካማው መከተል ካልቻለ መንገዱን ሊለቅ ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ በመሥሪያ ቤትም፥ በትምህርት ቤትም፥ በቤተ ሰብም መካከል በየቀኑ የሚነሣ ነው። እኔ ግን ልመረምረው ያሰብሁት ተራ በሚመስል ምሳሌ፥ ማለት በአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌትና አብረውት በሚጓዙት አዳዲሶች ነው። ምሳሌውን የመረጥሁበትም ምክንያት ነገሩ በራሴ ላይ ስለ ደረሰና እስከ ዛሬም ከኅሊናዬ ስላልጠፋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር ሳለሁ፥ በሞተር ብስክሌት ገጠሩን መዞር የሚወዱ ሰዎች እሑድ እሑድ በሚያደርጉት ጉዞ ላይ አብሬያቸው እንድሄድ ጋበዙኝ። ለእኔ ያዋሱኝ ሞተር ትራያምፍ ቦነቪል የሚባለው አዲሱ ዐይነት ነበረ። ከተጓዦቹም መካከል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ ነው። እርሳቸውም የመጡት እንደ እኔው ቦነቪል በሚባል ሞተር ነበረ፤ ዳሩ ግን የእርሳቸው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ስለዚህ ስማቸው አንድ የሆነ፥ የተሠሩበት ዘመን ግን ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የተራራቀ ሁለት ሞተሮች በአንድ ሰልፍ ቆሙ።

ስለዚሁ ስም ጥቂት ልናገር። ቦነቪል በአሜሪካ አገር ዩታ በሚባለው ግዛት የሚገኝ ሰፊ የጨው ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆኒ አለን የተባለ አሜሪካዊ የትራያምፍ ሞተር በተገጠመለት፥ መላ አካሉ እንደ ጥይት በተሸፈነ ሞተር ብስክሌት በዚያ ሜዳ ላይ በሰዓት 345 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። ፋብሪካውም በዚህ ተደስቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ያቀረበውን ባለ 650 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተሩን በሜዳው ስም ጠራው። እነዚያ ሞተሮች ይሠሩበት የነበረው፥ በኮቨንትሪ አጠገብ ሜሪደን በተባለች መንደር የነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ተዘጋ። ስሙ ግን አብሮ አልተቀበረም፤ ሂንክሊ በተባለች ከተማ ሌላ ፋብሪካ ተቋቁሞ ከጊዜ በኋላ አዲስ ቦነቪል ሠራ። እኔ የተቀመጥሁበት ባለ 1200 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነው የዚህ የአዲሱ ትውልድ ልጅ ነበረ። አያትና የአያቱን ስም የወረሰ የልጅ ልጅ ጐን ለጐን ቆሙ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሞተሮች የሚለያዩት በሩጫ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። አሮጌው በጕብዝናው ዘመን በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጥ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ በተራው የገጠር መንገድ ላይ ከ96 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድን ይከለክላል። ስለዚህ አሮጌው በደንብ የተያዘ እንደ ሆነ ከአዲሱ ኋላ ሳይቀር ሊከተለው ይችላል። ትልቁ ልዩነታቸው የሚታየው መቆም ባስፈለገ ጊዜ ነው።

የአሮጌው ፍሬን ባለ ታምቡር ነው። በመንኰራኵሩ እምብርት ላይ ባለው ከበሮ መሰል ብረት ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ቀስት መሰል ብረቶች ይገኛሉ፤ ነጂው በእጁ የያዘውን መጨበጫ ሲስብ አንድ የሽቦ ገመድ ብረቶቹን ይለጥጣቸውና ከበሮውን ከውስጥ እያሹ ያቆሙታል። ቍልቍለቱ የረዘመ እንደ ሆነ ግን ከፍትጊያው የተነሣ ከበሮው ይግላል፤ ሲግልም ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፥ የሸራውም ጥብቀት ይቀንሳል። ውሃ ሲገባበትም ማሟለጥ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ ባለ 750 ሞተሩን ከፊት ዲስክ ፍሬን ገጥሞ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ግን ሌላው ዐይነት ተስፋፋ። ይኸኛው ከመንኰራኵሩ ጋራ የሚዞር፥ ነፋስ የሚያገኘው የብረት ሳሕን ነው፤ በፍሬን ዘይት ግፊት ከግራና ከቀኝ ሲጨመቅ ቶሎ ይይዛል፥ ቶሎም ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ መንኰራኵሩ ደርቆ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በሞተር ብስክሌት ላይ አዋለ፤ ይህም መሣሪያ ፍሬኑን በአንዲት ሰኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየለቀቀና እየያዘ መንኰራኵሩ ሳይቈለፍ እንዲቆም ያደርጋል። የእኔ ሞተር ይህ ሁሉ ነበረው። የሽማግሌው ግን ታምቡሩ ብቻ ነበረው፤ ፍሬቻ እንኳ ስለሌለው ሲታጠፉ በእጃቸው ነበር የሚያመለክቱት።

ጉዟችን ደርቢሺር በሚባለው ኰረብታማ አገር ነበረ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር ታጥሯል፤ ከአጥሩ ወዲያም በግ ይሰማራል። እኔ ከሽማግሌው ፊት እሄድ ነበር። በመስተዋቱ ስመለከታቸው ያ አሮጌ ሞተር ከኋላዬ ሳይርቅ ይከተለኛል፤ እኔም ይህን እያደነቅሁ ከያንዳንዱ ጥምዝ ስወጣ ፍጥነቴን እጨምር ነበር። እርሳቸውም ይጨምራሉ። ረጅም ቍልቍለት ወርደን ወደ አንድ ጥምዝ ስንደርስ፥ አጥሩ ከፈረሰበት ቦታ አንዲት በግ ዘላ ከፊቴ ቆመች። ፍሬኑን ጨበጥሁት፤ ሞተሬም በምስማር እንደ ተመታ ቀጥ ብሎ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ በሞተሩ ኰራሁ። ወዲያው ግን ከኋላዬ የጎማ ጩኸት ሰማሁ። ሽማግሌው መቆም ስላልቻሉ በግራ ክንዴና በድንጋዩ አጥር መካከል ባለችው ጠባብ ክፍት ቦታ ሾልከው፥ አሥር እርምጃ ያህል አልፈውኝ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ቆሙ። ያች ክፍት ቦታ በአንድ ክንድ ጠብባ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ መንፈስ በሆነ ነበር።

ሮጬ ሄድሁና «ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እርሳቸው ግን እጃቸው ገና እየተንቀጠቀጠ፥ «የለም ልጄ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው። የዚህን ሞተር ፍሬን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቀው የለም። ቀርቤ መከተል አልነበረብኝም፤ ነገር ግን ሰልፉን የሚያጓትተው ያ ሽማግሌ ነው እንዳልባል ብዬ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው?

ለሕግ መልሱ ቀላል ነው። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ ማንኛውም ነጂ ከፊቱ ክፍት ሆኖ በሚያየው ርቀት ውስጥ ሊቆም በሚችልበት ፍጥነት እንዲሄድ፥ በደረቅ መንገድም ከፊተኛው ቢያንስ የሁለት ሰኮንድ ርቀት እንዲጠብቅ፥ በዝናብ ጊዜ ይህን ዕጥፍ እንዲያደርግ ያዛል። ደንቡ ለአሽከርካሪዎች የሚያስተምረውም ስሌት ግልጽ ነው፤ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ14 ሜትር ሲቆም፥ ፍጥነቱ ዕጥፍ ሆኖ 96 የደረሰ እንደ ሆነ ግን 55 ሜትር ያስፈልገዋል። ይኸውም ፍጥነት ሁለት እጅ ሲጨምር መቆሚያው አራት እጅ ያህል ይረዝማል ማለት ነው። ስለዚህ ተከታዩ ካልራቀ ተጠያቂው ተከታዩ ነው። በዚህ ሚዛን ሽማግሌው በራሳቸው ላይ የፈረዱት ፍርድ ትክክል ነው።

ዳሩ ግን ሕግ ራሱ የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ያውቃል። በዚያው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ወዲህ፥ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈና ዋናው አሠራሩ ያልተለወጠ ተሽከርካሪ ሁሉ ከዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ ነፃ ሆኗል። ይህ ማለት ግን ተሽከርካሪው እንደ ፈለገ ይሁን ማለት አይደለም፤ በመንገድ ላይ ለመሄድ ብቁ መሆኑን የማረጋገጡ ኀላፊነት በባለቤቱ ላይ እንዳለ ነው። እንግዲህ መንግሥት መርማሪውን አንሥቶ ኅሊናን በቦታው ሾመ ማለት ነው። መርማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ኅሊና ግን ባለቤቱ ሞተሩን ባስነሣ ቍጥር ሊጠይቀው ይገባል። ሽማግሌው ፍሬናቸውን በየሳምንቱ ይፈትሹ እንደ ነበር በኋላ ተረድቻለሁ። ያልፈተሹት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ዘገምተኛ መባልን የሚፈራው ልባቸው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር ከመንገድ ወጥቶ ቤተ መዘክር ይቀመጥ፤ ሥልጣኔ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም» ይሉ ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ለአሮጌ ነገር ያለን ፍቅር የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ፍቅር መባሉ ቀርቶ ራስን መውደድ ይባላል። ይሁን እንጂ ሞተር ብስክሌት የተሠራው ለመሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በእንግሊዝ የተቋቋመው የአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ማኅበርም ዓላማው እነዚህን ሞተሮች ከጥፋት ማዳንና በመንገድ ላይ ሲሄዱ እንዲታዩ ማድረግ ነው። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የቆመ ሞተር መልኩን ያሳየን ይሆናል፤ ድምፁን፥ ጠባዩንና ነጂው የሚያስፈልገውን ጥበብ ግን አያስተምረንም። የቆየውን ሁሉ ከመንገድ ማስወጣት አደጋውን ያቃልላል፤ ጥያቄውን ግን አይመልሰውም። ዛሬ አዲስ የሆነው ነገ አሮጌ ይሆናልና።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «አዲሱ ሁልጊዜ አሮጌውን ይጠብቅ፤ ብርቱ ለደካማ ሊራራ ይገባዋል» ይላሉ። በዚህም በሙሉ አልስማማም። ርኅራኄ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰጪውን ጌታ፥ ተቀባዩን ጥገኛ ያደርጋል። ሽማግሌው ያን ዕለት የሸሹት ይህንኑ ነው፤ እየተጠበቁ መሄድን እንደ ምጽዋት ስለ ቈጠሩት ከዐቅማቸው በላይ ተጠግተው ተከተሉ። እኔ ከእርሳቸው ፊት ሆኜ ልጠነቀቅ የሚገባኝ የነበረው አዝኜላቸው ሳይሆን አብረን ለመጓዝ ስለ ተስማማን ነው። አብሮ ለመሄድ የተስማማ ሰው ሳይናገረው የገባው ቃል አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጕልበቱ የብቻው አይደለም፤ የሚያደርገው ሁሉ ከኋላው ላለው ሰው ይተርፋልና።

እዚህ ላይ «ታዲያ በጊቱን ልትገጭ ኖሯልን?» ተብዬ ብጠየቅ መልሴ አይደለም ነው። በዚያች ቅጽበት ፍሬን ከመያዝ በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ጥፋቴ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ሰውዬው ከኋላዬ መቅረባቸውን በመስተዋት እያየሁ፥ ሞተራቸው እንደ ሞተሬ እንደማይቆም እያወቅሁ፥ ወደ ጥምዙ በዚያ ፍጥነት በደረስሁ ጊዜ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ራሱን የሚመረምረው አደጋው በደረሰባት ደቂቃ ስላደረገው ነገር ነው፤ በዚያችም ደቂቃ ሌላ ማድረግ ስለማይችል ራሱን ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል። እውነተኛው ምርመራ ግን ገና ምርጫ በነበረበት ሰዓት ምን ሲያስብ እንደ ነበር መጠየቅ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ሳስብ የነበረው ስለ ሞተሬ ብርታት ነው፤ እርሳቸውም ሲያስቡ የነበሩት ስለ ክብራቸው ነው። ስለ ጓደኛው ያሰበ ከሁለታችን አልነበረም።

እንግዲህ የጥፋቱን ነገር እንዲህ አድርጌ ደመደምሁት። የገንዘብ ዕዳ ለሁለት ሰው የተካፈለ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ግማሹን ይከፍላል። የጥንቃቄ ዕዳ ግን እንዲህ አይካፈልም። እኔ «ግማሹ የእርሳቸው ነው» ብዬ ግማሽ ጥንቃቄ ባደርግ፥ እርሳቸውም እንዲሁ ቢያስቡ፥ የአንዳችን ጥቂት ስሕተት ለሁለታችን ጥፋት ትበቃለች። እርሳቸው ኀላፊነቱ በሙሉ የራሳቸው እንደ ሆነ ቈጥረው አራት ሰኮንድ ቢርቁ፥ እኔም በሙሉ የራሴ እንደ ሆነ ቈጥሬ አስቀድሜ ባዘግም ግን፥ የአንዳችንን ስሕተት የሌላው ጥንቃቄ ይሸፍናታል። ስለዚህ ያን ዕለት ሁለታችንም «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለታችን ለጨዋነት ብቻ የተነገረ ቃል አልነበረም፤ ሁለታችንም እውነት ተናግረናል።

ይህን ከአደጋው በፊት ባናውቀውም፥ ብዙ የተጓዙ የሞተር ብስክሌት ማኅበረተኞች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ በሥርዐት መልክ ሲሠሩበት ኖረዋል። በጉዞው ፊት መንገዱን የሚያውቅ መሪ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚመለከት ኋላ ጠባቂ ይከተላል። ዘገምተኛው የሚሰለፈው ወደ ፊት፥ በመሪው አጠገብ ነው። መንገድ በሚለያይበት ቦታ ሲደርሱ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ሰው ቆሞ አቅጣጫውን ያሳያል፤ ሌሎቹ ሁሉ አልፈውት ኋላ ጠባቂው እስኪመጣ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ቀጥሎ በሚመጣው መገናኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ የሆነው ይቆማል። በዚህ ዐይነት ማንም ሰው መንገዱ እንዳይጠፋው ፈርቶ ከዐቅሙ በላይ መሮጥ አያስፈልገውም። የቆመም ሰው የተዋረደ አይደለም፤ ተራው ሲደርስ ሁሉም ይቆማልና። የዚህ ሥርዐት ጥበቡ የሰውን ደግነት ሳይጠብቅ ዘገምተኛውን ከኀፍረት፥ ፈጣኑንም ከትዕቢት ማዳኑ ነው።

ከዚያ አደጋ በኋላ እኛም ሰልፋችንን በዚሁ ሥርዐት አስተካከልን፤ ሽማግሌው ወደ ፊት ተዛወሩ፥ እኔም ተራ ደርሶኝ ከቆምሁ በኋላ ከእርሳቸው ኋላ ሆንሁ። ያን ጊዜ ያላሰብሁትን ትምህርት አገኘሁ። ሰውዬው ጥምዙ ከመድረሱ ከሩቅ ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ ማርሽ እየቀነሱ በሞተሩ ኀይል ያዘግማሉ፤ ፍሬኑን የሚነኩት ለማረፊያ ብቻ ነው። አጥሩ የት እንደ ፈረሰ፥ መንገዱ የት እንደ ረጠበ፥ በጐቹ ወዴት እንዳዘነበሉ አስቀድመው ያያሉ። ደካማ ፍሬን ብርቱ ዐይን ሰጥቷቸው ነበር። እኔ ግን በብርቱ ፍሬኔ ተማምኜ ዐይኔን አስንፌው ኖሬአለሁ። ከላይ የጠቀስሁት የፍጥነትና የመቆም ስሌት ደግሞ ለአዲስ ሞተር ተብሎ የሚሻር አይደለም፤ የተሻለ ፍሬን ርቀቱን ያሳጥራል እንጂ ሕጉን አይለውጥም። ስለዚህ በሰልፉ ውስጥ ተቀባይ እርሳቸው ብቻ፥ ሰጪም እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ገባኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ምሳሌው ስለ ሞተር ብስክሌት ቢሆንም ለአንተም የሚደርስ ይመስለኛል። መምህር ሆነህ አንድ ክፍል ስታስተምር፥ ቶሎ የሚገባቸው ጥቂት ልጆች ራስ ሲነቀንቁልህ ደስ ብሎህ ስትገሠግሥ፥ በመስተዋትህ ውስጥ ያሉትን ልብ በል፤ ያልገባው ተማሪ እንዳያፍር ብሎ «ገብቶኛል» እያለ ይከተልሃል፥ ጕዳቱም የሚታወቀው በጥምዙ ላይ ነው። ሹም ሆነህ ለአንተ የታወቀ ለባለጕዳዩ ግን ጨለማ የሆነ ደንብ በእጅህ ሲገኝ፥ በመገናኛው ላይ ቆመህ አቅጣጫውን የማሳየት ተራ የአንተ ነው። ተማሪ ሆነህ አዲስ ትምህርት ይዘህ ወደ ወላጆችህ ቤት ስትገባም፥ ከአንተ ያነሰ ፍሬን ይዘው ረጅም ቍልቍለት በደኅና የወረዱ ሰዎች ፊት መሆንህን አስታውስ። ዕድሜህ የገፋ፥ ዕውቀትህም የቆየ እንደ ሆነ ደግሞ ዐቅምህን ሳትደብቅ ተናገር፤ «እኔ ለመቆም ከእናንተ የበለጠ ርቀት ያስፈልገኛል» ማለት የሚያሳፍር አይደለም።

በዚያ ምሽት ስንለያይ ሽማግሌው የሞተራቸውን ፍሬን በእጃቸው እየዳበሱ፥ «በሚመጣው እሑድ ትመጣለህን?» ብለው ጠየቁኝ። «እርስዎ ከፊት የሚሄዱ ከሆነ እመጣለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፥ «እንግዲያውስ በመጀመሪያው መገናኛ ላይ የምትቆመው አንተ ነህ» አሉኝ። በሚከተለው እሑድ ቀጠሯችንን ጠብቄ ሄድሁ፤ በመጀመሪያውም መገናኛ ላይ ኋላ ጠባቂው እስኪመጣ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።